ያልረካ አይወርድም

ኤልዳና ለዘጠኝ ቀን ሽርሽር ብላ «ፍስሐ» በተባለችው መርከብ ከተሳፈረች ዛሬ ሃያ ሰባተኛ ቀኗ ነው።

አታለሉኝ ብላ የምትከሰው ሰው እንኳ የለም። ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። መርከቧ ለደስታ ዋስትና ሰጥታ ነው የምታሳፍረው። በመንገደኛው እጅ ላይ የታሰረው ደስታ የሚለካ አምባር በመውረጃው ቀን ከመቶ ሰባ ካላሳየ፣ ኩባንያው ቃሉን አልጠበቀም ማለት ነውና፣ መንገደኛውን ሳያስወርድ ሌላ ዘጠኝ ቀን በነጻ ያዝናናዋል። ኤልዳና ልጅ ሳለች በየባንኩ መስኮት ላይ የሚስቅና የሚያኮርፍ ፊት የተሳለባቸው ቁልፎች ነበሩ። ደስ ያለው የሚስቀውን፣ የተናደደው የሚያኮርፈውን ተጭኖ፣ ሁለቱም ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር። የተናደደውም ጭምር ወደ ቤቱ መሄዱ፣ አሁን ሲያስቡት፣ የሚገርም ነገር ነው።

በመጀመሪያው ዙር ስልሳ አራት አመጣች። በሁለተኛው ሃምሳ ስምንት። ትናንት ከምሳ በኋላ አምባሩ አርባ ዘጠኝ ይል ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ሐዋሳ ያለችው ልጇ ኑኃሚን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። የመርከቡን ትኬት የገዛችላትም ራሷ ኑኃሚን ናት። «እማ፣ ልጁ ከመጣ በኋላ እረፍት የለሽም፤ አሁኑኑ ተዝናንተሽ ነይ» አለቻት። እናት ልጇን የምታርስበት ቀን ሲደርስ ባሕር ላይ በሳቅ ሥልጠና ተጠምዳ ትገኛለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ኤልዳና በጭንቀት በተብሰለሰለች ቁጥር ነጥቧ ይወርዳል፤ ነጥቧ በወረደ ቁጥር መጨነቋ አይቀርም። አስተናጋጆቹ ያላደረጉላት ነገር የለም። አሽተዋታል፣ አስጨፍረዋታል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በሙሉ የጨርቅ ዶልፊን አሳቅፈዋታል።

ባሏ ሮቤል አብሯት ነበር የተሳፈረው። እሱ መርከቧ ገና ከወደቡ ሳትነቃነቅ፣ ቁርስ ላይ ሦስት ዓይነት እንቁላል በማየቱ ብቻ፣ ሰማንያ ስምንት ያስመዘገበ ሰው ነው። በዘጠነኛው ቀን እጁን እያውለበለበ ወረደ። ትናንት ማምሻውን መልእክት ላከላት። «ምንም አታስቢ። ገንፎውን እኔው አገነፋለሁ። እንዴት እንደሚሠራ አይቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ አምባሩ ሠላሳ አንድ አለ።

ጠዋት ከቁርስ ስትመለስ አልጋዋ ላይ በሥርዓት የታጠፈ ሰማያዊ ዩኒፎርም ተቀምጦ አገኘች። ልክ በእሷ ቁመትና ወርድ የተሰፋ ነው። አንድ ካርድም አብሮት ነበር። «ለጥንቃቄ ያህል ነው። በሦስት ዙር ያልረኩ ውድ እንግዶቻችን ሌሎችን በማስደሰት እንዲረኩ የሥራ ዕድል እናመቻቻለን።» ኤልዳና ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ዩኒፎርሙን ዓይኗ እንዳያየው ከቦርሳዋ ሥር ወሸቀችውና ያፌትን ፍለጋ ወጣች።

ያፌት ለእሷ የተመደበ የደስታ አስተናጋጅ ነው። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ነቅነቅ አይልም፤ ሲያስነጥሰው እንኳ እንዳለ ነው።

«ያፌት፣ አንተም እንደኔ ነህ እንዴ?» አለችው።

«አዎ እትዬ» አለ እየሳቀ። «አራት ዓመቴ ነው። ለጫጉላ ነበር የመጣነው። ሚስቴ ረክታ ወረደች።»

ኤልዳና የራሷን አምባር አየች።

«አይዞዎት፣ የእርስዎ አላለቀም» አለ ያፌት። «ወደብ የምንደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ በሩ እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ነው። አንድ ያልሞከሩት ነገር አለ። የጥልቅ ባሕር ዓሣ ማጥመድ። በአማካይ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ይጨምራል።»

«ዓሣ? ለእኔ?»

አልሞከረችውም የሚለው እሱ ነው፤ እሷ ግን አልፈልግም ብላ ነው። ኤልዳና ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት ዓሣ በልታለች፤ በልታለች ሲባል ጎርሳለች ማለት አይደለም፣ በቢላዋ በልታ ሸጣለች፣ ለፈላጊው አጥንቱን ለይታ ፊሌቶ አውጥታ ሰጥታለች። እሷን ዓሣ በማጥመድ ተዝናኚ ማለት ዳቦ ጋጋሪን ለሽርሽር ጠርቶ ዱቄት እንደማሸከም ነው። ደግሞም ሐይቁ ለዓሣው እረፍት ተብሎ ከተዘጋ ዓሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ወደ ሐዋሳ የሚመጣው ዓሣ አራት ማዕዘን ነው፤ ዓይን የለው፣ ጭራ የለው። ኤልዳና አንድ ጊዜ አገላብጣ አየችውና መልሳ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠችው። ከሠላሳ ዓመት ሥራዋ የቀራት በሄደችበት ሁሉ ከቦርሳዋ የማትለያት፣ የሚያቃጥል ዳጣ የያዘች አንዲት ብልቃጥ ብቻ ናት።

ዩኒፎርሙን አሰበች። «እሺ፣ እንሂድ» አለች።

ትንሿ ጀልባ ስምንት መንገደኞች ይዛ ከመርከቧ ራቀች። የሚነዳት ካፒቴን ጉሌድ ይባላል፤ ከጅግጅጋ ነው፣ ሃምሳውን የተሻገረ፣ ዝምተኛ ሰው። ወገቡ ላይ ክር መቁረጫ ቢላዋ ታጥቋል። ቢላዋው በደንብ የተሳለ መሆኑን ኤልዳና ገና ስትሳፈር አይታለች። ሰው ሰላም ስትል ከፊቱ በፊት ቢላዋውን የማየት ልማድ ከሥራዋ የቀረ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነበር። አንድ ሰው የማጥመጃውን መቃ ይይዛል። ጉሌድ ክሩን ወደ ጥልቁ ይለቀዋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክሩ ይወጠራል፣ ሙዚቃ ይነሣል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፣ አንድ ያማረ ቱና ከውኃው ብቅ ይላል። ያጠመደው ሰው ታቅፎት ፎቶ ይነሣል። ያፌት የይቅርታ ንግግር ያደርጋል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ይቅርታ፣ እናመሰግናለን» ይላሉ፣ ዓሣውም ወደ ባሕሩ ይለቀቃል። አቶ ኪሩቤል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ቀዳሚ ነበሩ፤ ከሃምሳ ሁለት ወደ ሰማንያ ሦስት ወጡ። «አየሽው? ሲታገለኝ አየሽው?» እያሉ ኤልዳናን በክርናቸው ይጎስሟት ጀመር። ቀጥሎ ወጣት ባልና ሚስት ተራ በተራ አጠመዱ። እነሱም ሰማንያን አለፉ።

ኤልዳና ግን ዓይኗ ከዓሣው አፍ አልተነቀለም። የታችኛው ከንፈሩ በግራ በኩል ተቀዷል። የሁለተኛውም ተቀዷል። የሦስተኛውም።

«ይኼ ዓሣ እኮ ቅድም የወጣው ነው» አለች።

ያፌት ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ። «እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ። ዳኜ ነው።»

«ዳኜ ማነው?»

«ባልደረባችን ነው። ዓሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ራሱ ይመጣል። አሁን በዚህ ባሕር ከእሱ ሌላ ዓሣ የለም።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «ፎቶ የሚነሣው በቀኝ ጎኑ ነው።»

አምባሩ ሃያ ዘጠኝ አለ።

ተራዋ ሲደርስ ቆማ መቃውን ያዘች። ክሩ ወረደ፣ ተወጠረ፣ ሙዚቃው ተነሣ። ዳኜ አልታገለም። ሰኞ ጠዋት የቢሮውን ደረጃ እንደሚወጣ ሠራተኛ ነበር ቀስ እያለ ወደ ላይ የመጣው። ኤልዳና አዘነችለት። አቶ ኪሩቤል ሲታገላቸው ያዩት የትኛውን ዓሣ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ጉሌድ ዓሣውን ከውኃው አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

የሆነው ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ዓሥራ አምስት ኪሎ የሚሆን ቀዝቃዛ፣ የሚያዳልጥ፣ የሚወራጭ ሕያው ዓሣ፣ ጭራ ያለው፣ ዓይን ያለው፣ ከዓሥራ አራት ዓመት በኋላ ክንዷ ላይ አረፈ። አሞራ ገደል ላይ ከውኃ የወጣ ዓሣ አይጠብቅም። መወራጨቱን ሳያቆም ይበለታል፤ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ዳጣ ተነክራ ለአጥማጁ፣ ቀጣይዋ አጠገቡ ለቆመ ሰው፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም። እዚያ ያደገ እጅ ይህን ለማድረግ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

ያፌት ዓይኑን ጨፍኖ ንግግሩን ጀምሮ ነበር። «ውድ ዳኜ፣ የባሕሩ ጌታ፣ ለደስታችን ስትል ለከፈልከው...»

ዓይኑን ሲገልጥ ዳኜ ሁለት ፊሌቶ ሆኗል። አጥንቱ በአንድ በኩል፣ ሥጋው በሌላ በኩል፣ ጥርት ብሎ፣ አንዲት ሥጋ አጥንቱ ላይ ሳትቀር። የጉሌድ ቢላዋ ኤልዳና እጅ ውስጥ ነበር። መቼ ከወገቡ እንደመዘዘችው እሱም አላወቀ፣ እሷም አላወቀች።

የኤልዳና አምባር ዘጠና ሦስት አለ።

የሌሎቹ ሰባት አምባሮች ባንድ ላይ መጮህ ጀመሩ። አቶ ኪሩቤል ከሰማንያ ሦስት ወደ ዓሥራ ሰባት ተወረወሩ። ወጣቷ ሚስት ፊቷን በባሏ ደረት ውስጥ ቀበረች፤ ባሏ ግን የሚያየው የራሱን አምባር ነበር።

«ገደለችው!» አለ። «ዘጠኝ! ዘጠኝ አለኝ እኮ! ዛሬ መውረዴ ነበር!»

«ምን አደረጉ እትዬ?» አለ ያፌት፤ ፈገግታው እንዳለ ሆኖ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ባልደረባችንን!»

«ደግሞ እኮ» አሉ አቶ ኪሩቤል ድንገት ባንነው፣ «ደግሞ እኮ ረቡዕ ነው!»

ኤልዳና የሠራችውን አየች። ዘጠና ሦስቱ ሰማንያ ስምንት ሆነ፣ ሰማንያ አምስት ሆነ። እዚህ ላይ ማልቀስ ከጀመረች ማታ ዩኒፎርሙን ለብሳ የጨርቅ ዶልፊን ታድላለች፤ ኑኃሚንም በሮቤል ገንፎ ትታረሳለች። እስከ አሥር ሰዓት አላዝንም ብላ ለራሷ ማለች። ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደፈለገች ታዝናለች። እነዚህም ሰዎች በእሷ ጦስ እንዲቀሩ አትፈልግም። ስለዚህ የምታውቀውን ብቸኛ ነገር አደረገች። ብልቃጧን ከፈተች።

«ነይ እስቲ አንቺ» አለቻት ወጣቷን ሚስት፤ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣ ዳጣው ውስጥ ነከረች። «አፍሽን ክፈቺ።»

«ጥሬውን?»

«በሞቴ! አንድ ብቻ! እጄን አታሳፍሪው!»

በሞቴ ተብሎ እጅ ከተዘረጋ በኋላ አፍ ዘግቶ የሚቀር አበሻ መርከቡ ላይም አልተገኘም። ልጅቷ ጎረሰች። ዓይኗ ፈጠጠ፣ አፍንጫዋን ያዘች፣ ባሏን በቡጢ መታችው፣ ከዚያ «ድገሚኝ» አለች። አምባሯ ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ አንድ። ባሏ ሳይለመን መጣ። አቶ ኪሩቤል፣ ዓሣ ይጾማል አይጾምም በሚለው ላይ መጀመሪያ ስምምነት ሊደረስ ይገባል ብለው ክርክር ከፈቱ። አንዷ መንገደኛ ይጾማል አሉ፣ ሌላው አይጾምም አሉ፣ ክርክሩ ሲጋጋል አቶ ኪሩቤል ነገሩ በቅጡ ይጠና እያሉ አራተኛ ቁራጫቸውን አኝከው ጨረሱ። ሰባ ዘጠኝ ላይ ነበሩ።

ያፌት ሥራ ላይ ነኝ አለ። ኤልዳና አፉን በግድ ከፈተችው። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ አንገቱን ሰብሮ የራሱን አምባር ተመለከተ። ከአርባ አምስት ተነሥቶ ሰባ ስድስት ደርሷል። ያን ጊዜ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። ያለ ፈገግታው ሲያዩት መልከ መልካም ልጅ ነበር።

ጉሌድ ብቻ ቀረ። ለሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ ጀልባዋ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ኤልዳና ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ተቀየምከኝ አይደል?»

«ዳኜ የተቀጠረው እኔ እዚህ በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው» አለ ባሕሩን እያየ። «ከጓደኞቼ ጋር ነበር የመጣሁት። ዘጠኝ ቀን ተብሎ። እነሱ ወረዱ። የኔ አምባር አርባ አንድ ላይ ቆመ፤ ይኸው ዓሥራ አንድ ዓመት አርባ አንድ። በቀን ስምንት ጊዜ አወጣዋለሁ፣ ስምንት ጊዜ እመልሰዋለሁ። እኔንም እሱንም የሚጠይቀን አልነበረም።»

«እንዲህ ከሆነ አልቅስለታ!»

«አይቻልም እትዬ። ሠራተኛ ከሠላሳ በታች ከወረደ የሳቅ ክፍል ያስገቡታል።»

ኤልዳና ቁራጭ ቆርጣ ከዳጣው አብዝታ ነከረች። «በል፣ ከኛ ከማናውቀው ይልቅ አንተ ነህ ልትቀምሰው የሚገባህ።» ጉሌድ እጇን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ቀስ ብሎ ነበር ያኘከው። እንባው በጉንጩ ላይ ወረደ። እንባው ከዳጣው ይሁን ከዳኜ፣ አምባሩ መለየት አልቻለም፤ አርባ አንድ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ ሦስት፣ ሰባ ሁለት አለና ቆመ። ጉሌድ አምባሩ የተበላሸ መስሎት ሁለቴ በጣቱ አንኳኳው።

ወደ መርከቧ ሲመለሱ የዳኜን መሞት ሰምቶ ለምን ያለ የበላይ አልነበረም። የጀልባዋ አማካይ እርካታ ሰማንያ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ኩባንያው ከዚያ ሌላ የሚጠይቀው ነገር የለውም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኤልዳና መውረጃው በር ፊት ተሰለፈች። ብብቷ ሥር የያዘችው ጥቅል የተረፈው የዳኜ ሥጋ ነው። ሌላ መጠቅለያ ስላጣች በሰማያዊው ዩኒፎርም ጠቅልላዋለች። ሰልፉ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የዳኜ የተቀደደ ከንፈር ትዝ አላት፤ ሰማንያ አራት። ራሱ መጥቶ አፉን መክፈቱ ትዝ አላት፤ ሰባ ሰባት። ይህን አላስብም ብላ ሌላ ነገር ለማሰብ ስትሞክር ሮቤል ገንፎ ማማሰያ ይዞ ታያት፤ ሰባ ሦስት። ከፊቷ አራት ሰው ቀርቷል። ሥጋውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ቅዝቃዜው በጨርቁ አልፎ ክንዷ ላይ ተሰማት። አጥንቱ ላይ ምንም ሥጋ አለመቅረቱን አሰበች። እጄ አልረሳም፣ አለች በልቧ። እጄ ምንም አልረሳም።

«ረክተዋል?» አላት በሩ በለሰለሰ ድምፅ።

«ረክቻለሁ።»

ሰባ አንድ። አምባሩ ተፈታና ቅርጫት ውስጥ ወደቀ።

አቶ ኪሩቤል ተከተሉ፣ ባልና ሚስቱ ተከተሉ፣ ያፌት ሮጦ አለፈ። ጉሌድ ሲደርስ በሩ መዝገብ የሚፈልግ ይመስል ዘገየ። ከዚያ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ። «ውድ ጉሌድ፣ የዘጠኝ ቀን ሽርሽርዎ ተጠናቋል። ተመልሰው እንደሚመጡ ተስፋ እናደርጋለን።»

ወደቡ ላይ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። የመጣች ቀን ኤልዳና እዚያ የተቀመጡ ሰዎች ሲንሰቀሰቁ አይታ ነበር። በመካከላቸው ሶፍት የሚሸጡ ሴቶች ይዘዋወሩ ነበር። ሽርሽሩ አልቆባቸው ነው፣ እንዴት ደስ ብሏቸው ቢከርሙ ነው ብላ ቀንታባቸው ነበር። ፎቶአቸውም በኩባንያው ማስታወቂያ ላይ አለ።

አሁን ባዶ ቦታ ፈልጋ ተቀመጠች። ጥቅሉን ጭኗ ላይ አደረገች። አንጓዋን አየችው፤ አምባሩ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል። ከዚያ ለቀቀችው። ለዳኜ አለቀሰች፣ ለሃያ ሰባቱ ቀን አለቀሰች፣ ለጨርቅ ዶልፊኑ ሳይቀር አለቀሰች። ባልና ሚስቱ ወዲያ ማዶ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። አቶ ኪሩቤል ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያፌት ከሩቅ ስልክ ይዞ «እኔ ነኝ፤ አዎ፣ አሁን ገና» ይላል።

አንዲት ሶፍት ሻጭ አጠገቧ ቆመች። «አይዞሽ እናቴ፣ እንደልብሽ አልቅሺ» አለቻት። «እዚህ የሚቆጥር የለም።»

ጉሌድ ከጎኗ ተቀምጦ እጁን ይመለከታል። ማልቀስ ከየት እንደሚጀመር የጠፋበት ይመስላል። ኤልዳና አንድ ሶፍት ገዝታ ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ሰጠችው። ከኋላቸው ከመርከቧ ድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ ተሰማ፤ የነገው የጥልቅ ባሕር ዓሣ ማጥመድ በተለመደው ሰዓት ይካሄዳል፣ ከሌላ ባሕር የተዛወረውን አዲሱን ባልደረባችንን ለመቀበል ተዘጋጁ። ጉሌድ ይህን ሲሰማ ሶፍቱን ዓይኑ ላይ አደረገ።

ስልኳ ጮኸ። ኑኃሚን ናት።

«እማ! ወረድሽ? ምጡ ጀምሮኝ ነበር፣ ተወኝ፤ ሐኪሙ ነገ ነው አለኝ... ምንድን ነው? ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«እንዴታ!» አለች ኤልዳና አፍንጫዋን እየጠረገች። «የስንት ቀን የተጠራቀመ ነው። ባቡሩ እስኪመጣ አልቅሼ እጨርሳለሁ፣ ዓሣም ይዤልሻለሁ። አንቺ ብቻ እንዳትቸኩዪብኝ። አባትሽን ደግሞ አሁኑኑ ከማጀት አስወጪልኝ።»